ከጥምቀት ገንዳው ጀርባ የተገኘችው ቀይ መብራት

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

ሰላምታዬ ካለሁበት ከኮሎምበስ ተነስቶ አሰላ ደጃፍህ ድረስ ይምጣ። እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጣ የሚይዝህ ቁርጥማት ለቀቀህ ወይስ አሁንም እማዬን «ደህና ነኝ» እያልክ ትሸውዳታለህ? እማዬ ስኳሯን በየሳምንቱ ትለካለች? እህቴ ሰሎሜ «ትለካለች» ትለኛለች፤ ሰሎሜ ግን እኔ እንዳልጨነቅ የምትለኝን ከእውነቱ መለየት ካቃተኝ ቆየሁ። የሰሎሜ ልጅ ኖህስ የሚነቃነቀውን ጥርሱን ነቀለው? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። ጤናዬን ማለቴ ነው።

አባዬ፣ ወደ ታች ከመውረድህ በፊት ፖስታውን ገልብጠህ እየው። አፉን በማስቲሽ ብቻ አላሸግኩትም፤ በአረንጓዴ ክር ሰፍቼዋለሁ፤ አሥራ አንድ ስፌት። ክሩ ሌላ ቀለም ከሆነ ወይም ስፌቱ ካነሰ ካንተ በፊት ያነበበው ሰው አለ ማለት ነው፤ ማን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ዱሮ እንዲህ አልነበርኩም፤ አውቃለሁ። እንዲህ ያደረገኝን ነገር ነው የምጽፍልህ። መጀመሪያ ለብቻህ አንብበው። ከዚያ እንደ ልማድህ መነጽርህን አድርገህ ለቤተሰቡ ጮክ ብለህ አንብብላቸው፤ የምደብቀው የለኝም።

በስልክ ያልነገርኩህ በሁለት ምክንያት ነው። እናንተ ቤት ስልክ የሚነሳው በስፒከር ነው፤ እኔ ስናገር ጎረቤቱ ሁሉ «አሜን» ይላል። ሁለተኛው ምክንያት አንተው ነህ። ሦስት እሑድ ደወልኩ፤ እማዬ አንዴ «ጓሮ ነው»፣ አንዴ «ተኝቷል»፣ አንዴ «ጸሎት ሄዷል» አለችኝ። በሦስተኛው ከኋላዋ ስትስል ሰምቼሃለሁ፣ አባዬ። ሳልህን የትም ብሰማው አውቀዋለሁ።

ሰሎሜን አስጨንቄ ነው ያወጣጣኋት። ጎረቤታችን እትዬ ዓለም እዚህ ኮሎምበስ ካለች እህቷ ሰምታ «የገብረኪዳን ልጅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የድምፅ መቅረጫ ቀብራ ሽማግሌዎችን ስትሰልል ተያዘች» ብላ አሰላ ድረስ አድርሳዋለች። አንተም ያን ቀን አንገትህን ደፍተህ ገባህ አሉ። እንግዲህ አሁን ከእኔ ስማ፣ ከመጀመሪያው።

ቤተ ክርስቲያናችን ቀድሞ ምንጣፍ ይሸጥበት የነበረ ሕንፃ ነው። መድረኩ ሥር የጥምቀት ገንዳ አለ። ውኃውን የሚያሞቀው ሂተር መብራትና መጥፋት እንጂ ልክ አያውቅም። ገና ካለፈ በኋላ አዲስ አማኞች በሚጠመቁበት ቀን ዋዜማ አንዱ ዲያቆን አበራውና ረስቶት ሄደ፤ በማግስቱ ገንዳው እንፋሎት ያወጣ ነበር። አሥራ አንድ ሰዎች ነጭ ልብስ ለብሰው ውኃው እስኪበርድ ሦስት ሰዓት ቆሙ። ድምፁንና ላይቭስትሪሙን የሚሠራው ቢሩክ በማይክራፎን «ወገኖች፣ ታገሡ፤ ልንጠመቅ እንጂ ልንቀቀል አልመጣንም» ብሎ ሕዝቡን አሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ እጄን አውጥቼ «እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ።

ዘዴውን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ጓሯችን ታንከር ውስጥ ያንሳፈፍካት ባዶ የዘይት ጄሪካን ትዝ ትልሃለች? ውኃው ሲሞላ ጄሪካኗ ትነሳለች፣ ገመዱ ይላላል፣ ፓምፑ ይጠፋል። የእኔዋ ጄሪካን ማይክሮኮንትሮለር የሚሏት ቦርድ ናት። ሁለት ጣት ታክላለች። ትንሽ ኮምፒውተር ናት በላት፤ ስክሪን የላትም፣ የምታውቀውም እኔ የጻፍኩላትን ብቻ ነው። ገንዳው ውስጥ ካለ የሙቀት ሴንሰር ጋር አገናኘኋት። በየአሥር ሰከንዱ ትለካለች፤ ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ሲደርስ ታጠፋለች፣ ወደ ሠላሳ ሲወርድ ታበራለች። በመሃል ሁለት ዲግሪ የተውኩት «ሞተር በየደቂቃው እያስነሱ አያጠፉትም» ስትል ስለኖርክ ነው። የሴንሰሩ ሽቦ ቢበጠስ ወይም የማይመስል ቁጥር ቢመጣ አትገምትም፤ ታጠፋለች። ቦርዷ ትልቁን ኃይል ራሷ አትነካም፤ አንተ በሠራህበት ፓምፕ ቤት እንደነበረው ያለ፣ ኃይሉን የሚያገናኝና የሚቆርጥ ኮንታክተር ታዛለች። እሱንም የገጠመው ቶሚ የሚባል ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ሰው ውኃ ውስጥ ከመግባቱ በፊትም ሂተሩ ከነብሬከሩ ይቋረጣል። ሰው በሚቆምበት ውኃ አልቀልድም።

ሙሉ ቀን ግሮቭፖርት በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስካን ሳደርግ እውላለሁ፣ አባዬ። አምስት ዓመት የተማርኩትን ትምህርት እዚህ አገር የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ያቺን ቦርድ ስሠራ ግን መሐንዲስ ነበርኩ። ሥራ ላይ መሆኗን እንዳውቅ በለካች ቁጥር አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ እንድትል አደረግኩ። ሥራ ቦታ ሆኜም ሙቀቱን በስልኬ እንዳይ ከቤተ ክርስቲያኑ ዋይፋይ ጋር አያያዝኳት። ፓስወርዱን የሰጠኝ ቢሩክ ነው፤ በእጁ ጽፎ፣ በቢጫ ወረቀት። ወረቀቱን ጣልኩት። አሁን ወረቀት አልጥልም።

ቦርዷን ያስቀመጥኩት ከገንዳው ጀርባ ባለች ጠባብ የዕቃ ክፍል ነው። የክፍሏ ሌላው ግድግዳ የሽማግሌዎች መሰብሰቢያ መሆኑን ያኔ ልብ አላልኩም።

ብዙም ሳይቆይ የሽማግሌዎቹ ምሥጢር መውጣት ጀመረ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በር ዘግተው የሚነጋገሩት፣ ሕንፃውን ሸጦ ሌላ ሰፈር መሄዱ፣ የትኛው ዲያቆን እንደሚነሳ፣ ሰኞ ጠዋት በየሰዉ ስልክ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ቀጥሎ ሰብሳቢያቸው ጋሼ ገብረየስ የመሰለያ መሣሪያ ፍለጋ ወጡ፤ የግድግዳ ሰዓት ፈቱ፣ የፕላስቲክ አበባውን ከነሸክላው ገለበጡ አሉ። በመጨረሻ የዕቃ ክፍሏን ሲከፍቱ ጨለማው ውስጥ ብልጭ የምትለዋን አገኙ።

ወደ ስብሰባቸው ስጠራ ቦርዷ የልጅ ሳንድዊች በሚያዝበት ላስቲክ ውስጥ ታሽጋ ጠረጴዛው መሃል ተቀምጣለች። ዙሪያዋን አምስት ሰው፣ አምስት ክራቫት። ጋሼ ገብረየስ «እህት ሐምራዊት፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ። እርስዎ ራስዎ የፈቀዱልኝ የሙቀት መቆጣጠሪያ ነው አልኩ። «ሙቀት የሚለካ ነገር ለምን ብልጭ ድርግም ይላል?» አሉ። አንዱ ቀበል አድርጎ «ኢንተርኔትስ ምን ያደርግለታል? ውኃ ዩቲዩብ ያያል?» አለና ሳቁ። ማይክራፎን የላትም፣ ኮዱን መስመር በመስመር ላንብብላችሁ ብዬ ለመንኳቸው። «እኛ የእናንተን ኮድ ምን እናውቃለን? የተማረ ሰው የፈለገውን ያሳየናል» አሉኝ። አየህ አባዬ፣ ተፈልጎ የማያውቀው ትምህርቴ ያን ቀን ተቆጠረብኝ። ቢሩክን ጠሩት። ፓስወርዱን ሰጥተሃታል ወይ ሲሉት ጫማውን እያየ «እኔ አልሰጠኋትም» አለ።

ከምዘምርበት ኳየር ታገድኩ፤ «ነገሩ እስኪጣራ»። ማን እንደሚያጣራው ግን አልተነገረኝም። እሑድ ዕለት ጋሼ ገብረየስ መድረክ ላይ ወጥተው «እህት ሐምራዊት ያልተፈቀደ መሣሪያ በማስቀመጧ ከአገልግሎት እንድታርፍ ተደርጓል፤ በጸሎት አስቧት» አሉ። ስሜን ጠርተው። ይህን ያዝልኝ።

ከዚያ ወዲህ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ስልኩን ያጠፋል። አንዷ እያቀፈችኝ ኪሴን ዳበሰች። እኔም በተራዬ ሰዉን ሁሉ መመርመር ያዝኩ፤ ማን ሰላም አለኝ፣ ማን አየት አድርጎ አለፈኝ፣ ማን «አይዞሽ» ብሎ ቶሎ ሸሸ። ቦርዷ ላስቲኳ ውስጥ ታስራ ባለችበት ምሥጢሩ ደግሞ ወጣ። አሁንስ አመኑ ብዬ ስጠብቅ ጋሼ ገብረየስ «ሌላም ደብቃለች ማለት ነው» አሉ። ሲገኝም እኔ፣ ሳይገኝም እኔ።

አዳራሹ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ፤ ጥፋተኛ ስለሆነች ቀረች እንዳይሉም መቅረት አልፈለግኩም። ስለዚህ ከኋላ ባለው የእናቶች ክፍል ገባሁ። ፊቱ መስታወት የሆነ፣ ሕፃን የያዙ ሴቶች የሚቀመጡበት ክፍል ነው፤ ስብከቱ ግድግዳው ላይ ባለች ስፒከር ይገባል። እትዬ ገነት የልጅ ልጇን ታቅፋ እዚያ ነበረች። እትዬ ገነት ማለት የመጣሁ ሰሞን ሦስት ወር ቤቷ ያኖረችኝ፣ የጋሼ ገብረየስ ባለቤት ናት። ጉዳዩ ከተነሳ ወዲህ እንደ ቀድሞው የሳመችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

አምልኮው አልቆ ሰው ወጣ። እናቶቹ ግን አልተነሱም። ባሎቻቸውን እየጠበቁ ነው ብዬ አሰብኩ። እትዬ ገነት «አንቺ ሂጂ እንጂ፣ ቤትሽ ሩቅ ነው» አለችኝ። ጥቂት ቆይታ ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜ ስትለኝ ጠረጠርኩና ይበልጥ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ያኔ ስፒከሯ ኮሽ አለች። ወንበር ሲጎተት ተሰማ፣ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ፤ ከዚያ ጋሼ ገብረየስ አጠገባችን ያሉ ያህል ጥርት ብለው «ያቺ ልጅ ሌላም ሳትደብቅ አትቀርም፤ ከአባልነትም እንሰርዛት» አሉ።

ዘጠኝ ሴቶች ነበሩ። አንዷም ዓይን ለዓይን አላየችኝም። የቢሩክ ሚስት ናርዲ የልጇን ካልሲ አንዴ ታወልቃለች፣ አንዴ ታለብሳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገና በኋላ ክራቫት ላይ የምትሰካ አዲስ ገመድ አልባ ማይክ ተገዛች። ጋሼ ገብረየስ አምልኮውን መርተው ሲጨርሱ ሳያጠፏት በቀጥታ ወደ ስብሰባ ይገባሉ። ቢሩክ የአዳራሹን ድምፅ ይዘጋል፤ የእናቶች ክፍል መስመር ለብቻው ነው፣ እሱ ክፍት ይቀራል። እናም በየእሑዱ እነዚህ ሴቶች ባሎቻቸውና ሌሎቹ ሽማግሌዎች የሚሉትን ቁጭ ብለው ሲያዳምጡ ከርመዋል፤ ሰኞ በየስልኩ የሚዞረውም ከዚህ የወጣ ነው። ሁሉም ያውቃሉ። እኔ ስከሰስም ያውቁ ነበር።

እትዬ ገነት እጄን ያዘችኝ። «ሐምሪዬ፣ ሕንፃው ሲሸጥ እኛ እንጠየቃለን? ቤት ገብተን ምን ተባለ ስንላቸው ‹የጸሎት ርዕስ ነው› ይሉናል። ይህቺን አትንኪብን፤ አንቺን እኛ እናስታርቅሻለን» አለችኝ። ከወዲያ አንዷ «ስም እንደሆን ይረሳል» አለች። አባዬ፣ መበደላቸውን አልክድም። እኔም ሴት ነኝ፣ ያ በር ለእኔም ተዘግቷል። ግን የእነሱን ነገር ሦስት ሳምንት የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ እያዩኝ፣ እየሳሙኝ። እንግዲያው አሁኑኑ ራሳችሁ ንገሩ፣ ካልነገራችሁ እኔ እሄዳለሁ አልኳቸው። የተነሳ የለም። ተነሳሁ።

የሽማግሌዎቹን በር ከፍቼ ገባሁና «ያቺ ልጅ ሌላም ሳትደብቅ አትቀርም፤ ከአባልነትም እንሰርዛት» አልኳቸው፣ ቃል በቃል። አንዱ «በኢየሱስ ስም!» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ጋሼ ገብረየስ ጣታቸውን ቀስረው «አያችሁ? አሁንም ትሰማናለች!» ይላሉ። እሰማለሁ፣ የእናቶች ክፍልም ይሰማል፣ ክራቫትዎን ይመልከቱ አልኳቸው። አረንጓዴ መብራት ቦግ ብላ ትበራ ነበር። የእኔን መብራት አሳደው የያዙ ሰው አገጫቸው ሥር ያለችውን አላዩዋትም።

ያን ቀን ይቅርታ ጠየቁኝ፤ በር ዘግተው። «እዚሁ ያብቃ» ተባለ። ቦርዷን ከነላስቲኳ መለሱልኝና በወሩ መጨረሻ ጥምቀት ስላለ መልሼ እንድገጥማት ለመኑኝ። ስሜን ያበላሻችሁት አዳራሽ ውስጥ ነው፣ እዚያው አጽዱት፤ እስከዚያ ውኃው ይቀዝቅዝ አልኩ። የሚያጠምቁት ጋሼ ገብረየስ ናቸው፤ ወገባቸው ድረስ አንድ ሰዓት የሚቆሙትም እሳቸው። «ልጄ፣ ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ። «ነኝ፤ ዮርዳኖስ ላይም ሂተር አልነበረም» አልኳቸው።

ባለፈው እሑድ መድረክ ላይ ወጡ። «አንዲት እህታችንን በተመለከተ ትንሽ አለመግባባት ተፈጥሮ ነበር፤ ጌታ ይመስገን ተፈትቷል» አሉና መጽሐፋቸውን መግለጥ ጀመሩ። ከሦስተኛው ረድፍ ተነሳሁ። «ጋሼ፣ ስትከሱኝ ስም ነበረኝ» አልኩ። «ስሜ ሐምራዊት ገብረኪዳን ነው።» ያንተንም ስም የጨመርኩት አውቄ ነው፤ አሰላ የደረሰው ወሬ ያንተንም ይዞ ነበርና። ላይቭስትሪሙ እየሄደ ነው፤ ቢሩክ እጁን ማጥፊያው ላይ ሲያደርግ አየሁት፣ ማየቴንም አየ። አላጠፋውም። ጋሼ ገብረየስ መጽሐፋቸውን ዘጉ። ከዚያ «እህት ሐምራዊት ገብረኪዳን ማንንም አልሰለለችም። ማይኩን ሳላጠፋ የገባሁት እኔ ነኝ። ስሟን ያጠፋሁትም እኔ ነኝ» አሉ።

ዞር ስል እትዬ ገነት ከመስታወቱ ጀርባ ቆማለች። አፏ ይንቀሳቀሳል። ትባርከኝ ትርገመኝ አላወቅኩም፤ መስታወቱ ድምፅ አያሳልፍም። ከዚያ ወዲህ ኮል አላደረገችኝም። ስፒከሯ አሁን አምልኮው እንዳለቀ ትጠፋለች። ሴቶቹ በግድግዳ የሰሙት በበር ስላልተነገራቸው ነው ብዬ ለጋሼ ገብረየስ ነግሬያቸዋለሁ። «እናስብበታለን» አሉኝ። እንደማያስቡበት እጠረጥራለሁ። ቢሩክም «ሶሪ፣ ፓስወርዱን ለብዙ ሰው ስለሰጠሁ ፈርቼ ነው» ብሎ ጻፈልኝ። አላመንኩትም። ድምፅ የሚሠራ ሰው የአንድ መስመር መብራት ስንት እሑድ ሙሉ ሲበራ አያይም? ሚስቱ እዚያ ተቀምጣ? ግን ማስረጃ የለኝም፤ ስለዚህ አልከሰውም። እነሱ እኔ ላይ ያደረጉትን አላደርግበትም።

ሰኞ አዲስ ቦርድ ገጠምኩላቸው። ዋይፋይዋን ዘግቻለሁ። ሣጥኗ ውስጧን የሚያሳይ ነው፤ ላዩ ላይ በትልቁ «የውኃ ሙቀት መቆጣጠሪያ፤ ሠሪ ሐምራዊት ገብረኪዳን» ብዬ ለጥፌበታለሁ። ቀይ መብራቷን አላነሳሁም። ብልጭ ትበል።

የተከሰሰችዋን ግን ላንተ ልኬልሃለሁ። ደብዳቤውን ካመጣልህ ከጋሼ ዘገዬ ሻንጣ ውስጥ፣ በግራጫ ካልሲ ተጠቅልላ ታገኛታለህ። ጋሼ ዘገዬ ጎረቤቴ ነው፤ ከባድ መኪና ይነዳል፣ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ሳሳየው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ «ይህቺ ነገር ኤርፖርት ላይ አታስለቅመኝም?» አለኝ። ታሪኩን ስነግረው እስኪያነባ ሳቀ። «እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ጉዳችሁን ለማን እነግራለሁ ብለሽ ነው?» አለ።

ክፈታትና በማጉያ መነጽርህ ፈትሻት፣ አባዬ። ጆሮ ፈልግባት። ከዚያ የጓሮው ታንከር ላይ በጄሪካኗ ቦታ ግጠማት። ኮዷን ለውኃ ከፍታ ቀይሬዋለሁ፤ አብረዋት ሁለት ተንሳፋፊ ማብሪያዎች አሉ። ታችኛው ሲወርድ ፓምፑን ታስነሳለች፣ ላይኛው ሲነሳ ታጠፋለች። የፓምፑን ኃይል በአሮጌው ኮንታክተርህ አሳልፈው፤ ይህን ላንተ መንገር አያስፈልገኝም። ዝናብ በማይነካት፣ ሰው ግን በሚያያት ቦታ ትሁን። እትዬ ዓለም ውኃ ልትቀዳ ስትመጣ «ይህ ቀይ ምንድን ነው?» ማለቷ አይቀርም። የምትመልስላትን መልስ ማወቅ እፈልጋለሁ። ከዚህ ሁሉ ሰው ይልቅ ያንተ ዝምታ ነው የጎዳኝ፤ ስለዚህ ልጠይቅህ፦ አምነሃቸው ነበር?

ጋሼ ዘገዬ ማድረሱን እንደነገረኝ በሚቀጥለው እሑድ እደውላለሁ። ስልኩን አንተ አንሳው። ቃል ካጠረህ ሳል ብቻ፤ እኔ አውቅሃለሁ።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ «ጓሮ ነው» ያለችኝን ይቅር ብያታለሁ በላት። ለሰሎሜ፣ እውነቱን ስለነገረችኝ ዕዳ አለብኝ፤ ስኳሩንም እንዲሁ እውነቱን ትንገረኝ። ኖህ ቦርዷን ይንካት፣ አትከልክለው፤ ብልጭታዋን ይቁጠር። የፓምፕ ቤት ጓደኞችህን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በልልኝ። ለእትዬ ዓለምም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ሰው ባለበት፣ ጮክ ብለህ።

ልጅህ
ሐምራዊት ገብረኪዳን

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
መጋቢት ፲፯ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.